ዳንቴል የለበሰው ራውተር

አባቴን «ቀሪ» ብለው ጻፏቸው። የእድራችን ጸሐፊ መዝገቡን ገልጦ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈችውን ቃል በጣቱ እየነካ ሲያሳየኝ ደሜ ፈላ። አባቴ ከእድሩ መሥራቾች አንዱ ናቸው። ዝናብም ቢሆን፣ የናዝሬት ፀሐይ አስፋልቱን ቢያቀልጠውም ቀብር አጉድለው አያውቁም። አንድ ጊዜ ወባ እያንቀጠቀጣቸው ጋቢያቸውን ደርበው ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሜ ልከለክላቸው ሞክሬ ነበር። «ሟች የሚጠራሽ አንድ ጊዜ ነው» ብለው በጎኔ አልፈው ሄዱ። «ቀሪ» የተባሉት እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው። የቀሩትስ ከማን ቀብር? ከነፍስ ጓደኛቸው።

ጓደኛቸውና አባቴ ድሮ በባቡሩ አብረው የሠሩ ናቸው፤ አባቴ መካኒክ፣ እሳቸው ደግሞ የሐዲድ ጠጋኝ። ጡረታ እስኪወጡ ምሳቸውን የበሉት ከአንድ ሳህን ነው። አባቴ ኦሮምኛ የተማሩት ከእሳቸው ነው። እሳቸው ደግሞ «እኔ ከእሱ የተማርኩት የአማርኛ ስድብ ብቻ ነው» እያሉ ያስቁን ነበር። ባለቤታቸው ሲያርፉባቸው ልጃቸው ወደ ሁሩታ ከተማ ወስዳ ከራሷ ጋር አኖረቻቸው፤ ከእድራችን ግን አልወጡም። ጆሯቸው ስለ ደከመ ስልክ ቢደወልላቸው አይሰሙም። ስለዚህ ሁለቱ ሽማግሌዎች ዘዴ ፈጠሩ፤ ድምፃቸውን እየቀዱ በቴሌግራም ይላላካሉ። ጓደኛየው የአባቴን ድምፅ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሦስት አራት ጊዜ ይሰሙታል። አባቴም የእሳቸው ሲደርሳቸው ግቢያችን ውስጥ ካለችው ሎሚ ሥር ቆመው ብቻቸውን ሲስቁ አያቸው ነበር።

ሎሚዋ ሥር የሚቆሙት ወድደው አይደለም። አባቴ የሚኖሩት ከእኔና ከባለቤቴ ጋር በአንድ ግቢ ነው፤ ግን ከዋናው ቤት ጀርባ ባለው ሰርቪስ ክፍል። እናቴ ካረፈች በኋላ «የራሴ በር ይኑረኝ» ብለው የመረጡት እሳቸው ናቸው። ክፍሉ የድሮ የድንጋይ ግድግዳ ስላለው ዋይፋይ አይገባበትም፤ ሎሚዋ ጋ ግን ይደርሳል። ካርድ ሞልተው በስልካቸው ኢንተርኔት እንዲጠቀሙ ብለምናቸው «ቤት ውስጥ እያለ ሌላ መግዛት ጡር ነው» ይላሉ። በዚህ ነገር ላይ ከእሳቸው ጋር መከራከር ከግድግዳው ጋር መከራከር ነው። አንድ ቀን ታዲያ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ሳለሁ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ ድምፁ አልወርድ አለኝ» አሉኝ። ቀና ሳልል «አባባ፣ ደጋግመው ይንኩት» አልኳቸው። ደግመው አልጠየቁኝም።

እድሩ ድሮ ጡሩምባ ነበረው። ሰው ሲሞት ነፊው በጠዋት መንደሩን ዞሮ፣ ማን እንዳረፈና ቀብሩ በስንት ሰዓት እንደሆነ እየጮኸ ይናገራል። የታመመውም፣ ማየት የተሳነውም፣ ስልክ የሌለውም እኩል ይሰማል። ጸሐፊው ከተመረጠ በኋላ ግን «ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው» አለና ጡሩምባው ከድንኳኑና ከብረት ድስቱ ጋር ግምጃ ቤት ተቆለፈበት። አሁን ሞትም በቴሌግራም ነው የሚነገረው። ሲወሰን እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ጠዋት እንቅልፌን የሚረብሸኝ ቀርቶልኝ ነበር።

የአባቴ ጓደኛ ሁሩታ አረፉ። ልጃቸው በሐዘን ላይ ሆና ለእድሩ ጸሐፊ ደወለች፤ የቀረውን እድሩ ይነግራል ብላ ነው፤ እድር የተቋቋመው ለዚህ አይደል? ጸሐፊው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጻፈ፤ አውቶብሱ አምስት ሰዓት ላይ ወደ ሁሩታ ይነሣል፣ ከየቤቱ አንድ ሰው እንዲገኝ። አባቴ የዕለቱን የሎሚ ሥር ቆይታቸውን ጨርሰው ክፍላቸው ውስጥ ራዲዮ እየሰሙ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የእድሩ አባል እሳቸው ስለሆኑ ቴሌግራሙ ውስጥ ያሉትም እሳቸው ብቻ ናቸው። ጎረቤት ሁሉ «አይተውታል» ብሎ አውቶብስ ተሳፈረ።

በማግስቱ ጠዋት ጥርሴን እየቦረሽኩ በመስኮት አየኋቸው። ሎሚዋ ሥር ስልካቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ ከዚያ አርቀው፣ ደግሞ አስጠግተው አነበቡ። ከዚያ ከነካፖርታቸው አፈሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ጸሐፊው ቤት የሄድኩት የዚያኑ ቀን ከሥራ ስመለስ ነው። እኩያዬ ነው፤ እንዋወቃለን። «ከየት እንዲያውቁ ነው የፈለግኸው?» አልኩት።

«ማስታወቂያው ወጥቷል። ሁለት ምልክት አሳይቷል እኮ! ታይቷል ማለት ነው» አለኝ ስልኩን ፊቴ ላይ ደቅኖ።

«ሁለት ምልክት ማለት አንድ ሰው አየ ማለት ነው እንጂ መንደሩ ሁሉ አየ ማለት አይደለም! ለአንድ ሽማግሌ አንድ ስልክ መደወል እጅህን ይቆርጥሃል?»

«ለመቶ ቤት ልደውል ነው?» አለ። «ቆይ፣ እናንተ ቤት ኢንተርኔት የላችሁም እንዴ?»

«አለን» አልኩ።

«እንግዲያውስ!» አለና መዝገቡን ዘጋው። ግን ፊቴን አይቶ ይሁን አዝኖ «አባባ በወሩ መጨረሻ እሁድ ስብሰባ ራሳቸው መጥተው መስመሩ አልደረሰኝም ካሉ ይሰረዛል» ሲል ጨመረ። ለአባቴ ነገርኳቸው። «ለመቅረቴ ምክንያት ልደረድር ሰው ፊት አልቆምም» አሉና ራዲዮናቸውን ከፍ አደረጉት።

መንገዱን ሁሉ ስናደድ ነበር የመጣሁት፤ እዚያች «አለን» ያልኳት ቃል ላይ ስደርስ ደግሞ ይብስብኝ ነበር። አለን፤ ለእኛ አለን። እዚያው ቀን ለባለቤቴ ሁለተኛ ራውተር ለአባቴ ክፍል እንደምናስገባ ነገርኩት። እሱ ሞጆ ደረቅ ወደብ የጉምሩክ ሰነድ ነው የሚሠራው፤ ቤት ሲገባም ዶክመንት ሲልክና ሲቀበል ነው የሚያመሸው። «ለአንድ ቤት አንድ ራውተር ይበቃል» አለ። «ለአንድ ቤት ይበቃል። እኛ ግን አባቴን ሌላ አገር አስቀምጠናቸዋል» አልኩት። ሁለተኛ አልተከራከረም።

የመጀመሪያው ራውተራችን የሚቀመጠው ሳሎን፣ ቡፌ ውስጥ ነው። የፋሲካ ዋዜማ ያስገባሁት፣ ጀርባው ሙሉ መስታወት የሆነ፣ ባለ መስታወት በርና ባለ ቁልፍ ቡፌ ነው፤ ስመኘው ኖሬ ያገኘሁት። ከዚያ በፊት ራውተሩ የጓሮው መስኮት ላይ ነበር የሚቀመጠው። የናዝሬትን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጠዋት የጠረግሽው ማታ ስምሽ ይጻፍበታል። ስለዚህ ራውተሩን ከክሪስታል ብርጭቆዎቹ አጠገብ አስገብቼ፣ በእጄ የሠራሁትን ነጭ ዳንቴል አልብሼ ቆለፍኩበት። ቴሌቪዥናችንም፣ ራዲዮናችንም፣ የሶፋው ክንድም ዳንቴል አላቸው፤ እሱ ለምን ይቅርበት? ባለቤቴ «ልትድሪው ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

መናኸሪያው አካባቢ ካለ ሱቅ ራውተር ገዛንና ባለ ሱቁ ራሱ ሊገጥምልን መጣ። ዕድሜው የበሰለ፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰውዬ ነው። «ግማሽ ናዝሬትን ያገናኘሁ ሰው ነኝ» አለ። ገመዱን ከቡፌው አውጥቶ በጣራው ጠርዝ አሳልፎ፣ በሎሚዋ አናት ወስዶ፣ የአባቴን ግድግዳ በስቶ አስገባው። አንዱን ጫፍ ሰካ፣ ሌላውን ሰካ፣ አረንጓዴ መብራት በራ። ስልኩን አውጥቶ «ይኸው፣ ሙሉ!» ብሎ አራቱን ቀስት አሳየን። ዞር ብሎ አንድ ነገር እንኳ ከፍቶ አላየም። ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ። የአባቴ ክፍል ምልክቱ ሙሉ ነው፤ የሚከፈት ነገር ግን የለም። ይባስ ብሎ የእኛም ጠፋ። አንዴ የእኔ ስልክ ይሠራል፣ የባለቤቴ ይቆማል፤ ደግሞ የእሱ ሲሠራ የእኔ። የባለቤቴ ዶክመንት እኩሌታው ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሰውየውን ደወልንለት። «ጀርባ ያለውን አጥፉና አብሩት» አለ። አጠፋን፤ አበራን። ደግመን ደወልን። «ሽማግሌው ይነካኩታል፤ ሽማግሌ እኮ እጁ አያርፍም» አለና ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሣት አቆመ። በዚህ በጣም ነደድኩ። ግን ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። ከዚያ ቀን በፊት ሳሎን ቁጭ ብለን ባለቤቴ «አባባ ነካክተውት እንዳይሆን» ሲል «ይሆናል» ያልኩት እኔው ነኝ። የጓሮው መስኮት ክፍት ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መስመሩ በድንገት ተስተካከለ። ሁሉም ስልክ ይሠራል፤ ባለቤቴ ዶክመንቱን በአንድ ትንፋሽ ይልካል። «ይኸው፣ ራሱን አስተካከለ» አልን። አንድ ቀን ፈተና ስለነበር ቀደም ብዬ ቀትር ላይ ቤት ገባሁ። ምሳቸውን ይዤ አባቴ ክፍል ስገባ ዓይኔ ራውተሩ ላይ አረፈ። መብራት የለውም። ከሶኬቱ ተነቅሏል። ገመዱ እንደ መካኒክ ዕቃ በሥርዓት ተጠቅልሎ በክር ታስሯል።

«ማን ነቀለው?»

«እኔ ነኝ» አሉ፤ ጥፋት የሠሩ ያህል ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ለእናንተ ይሥራ ብዬ ነው። እኔ ሎሚዋ ሥር እቆማለሁ፤ ለምጄዋለሁ።»

ሳህኑን አስቀምጬ ጮህኩ። በእሳቸው ላይ አይደለም፤ በማን ላይ እንደሆነ እኔም አላውቅም። «ለምን አልነገሩንም?» አልኩ።

«ስሰካው የእናንተ ይቆማል፤ ስነቅለው ይሠራል። አየሁታ! ሁለቱ ማን እንደሚያዝ አልተነገራቸውም። አንዱ ለአንዱ መታዘዝ አለበት» አሉ። እንጀራቸውን ሞተር ከፍተው ችግሩን በማግኘት የበሉ ሰው ናቸው። ቤታችን ውስጥ ይህን ያህል ቀን ስንነታረክ እሳቸውን «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። የባለ ሱቁን አፍ ሰምተን እሳቸውን አማናቸው። ይህን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ መምህራን ማረፊያ ክፍል ኮምፒዩተር የምታስተምረውን ባልደረባዬን ያዝኳት። ሳልጨርስላት ሳቀች። «አባትሽ ልክ ናቸው» አለች። «መናኸሪያ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪ ቢቆም ምን ይሆናል? ሁለቱም የራሳቸውን ቁጥር ያድላሉ። ሁለተኛው ግን መኪና የለውም፤ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። የእሱ ቁጥር የደረሰው ሰው ቆሞ ይቀራል። ያንቺዎቹ ደግሞ ስማቸውም፣ ማለት አድራሻቸው፣ አንድ ነው፤ ሲጠሩ ሁለቱም አቤት ይላሉ። ሁለተኛውን ስሙን ቀይሪና ቁጥር ማደሉን ከልክዪው። በቃ፤ ከዚያ በኋላ መንገድ ብቻ ያሳልፋል።» የፈተና ወረቀት ጀርባ ላይ በተራ ጻፈችልኝ። ልነሣ ስል «የመጀመሪያውስ የት ነው ያለው?» አለችኝ። ቡፌ ውስጥ ነው አልኳት። «መስታወት አለው? መስታወት እኮ ሞገዱን ይመልሰዋል። እሱን መጀመሪያ አውጪው» አለች። ወረቀቱን ይዤ ወደ ክፍል እየሮጥኩ ስለነበር ነገሩን ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአባቴ ጋር ተቀመጥን። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ያነባሉ፤ እኔ በስልኬ እሠራለሁ። ከቡፌው የሚመጣውን ገመድ ነቅለን ሁለተኛውን ብቻውን አበራነው። ሆዱ ላይ በተለጠፈችው ምስጢር ቁጥር ገባሁ። «አድራሻው መጨረሻ ላይ አንድ ካለ ሁለት አድርጊው» ይላሉ አባቴ። አደረግሁ። «ቁጥር ማደሉን ዝጊው።» ዘጋሁት። «ገመዱን ከቢጫዎቹ ቀዳዳዎች አንዱ ላይ መልሺው፤ ሰማያዊውን እንዳትነኪ።» እዚህ ላይ ባለ ሱቁ ልክ ነበር፤ ቢጫው ላይ ነበር የሰካው። ጠፍቶ በራ። ከፊት ቤት ባለቤቴ «እዚህ ይሠራል!» ብሎ ጮኸ።

የአባቴ ስልክ አልጋው ላይ መንጫጫት ጀመረ። የቆየው ሁሉ ተንጋግቶ ገባ። ዕልል ልል ምንም አልቀረኝ። «ነገ የስብሰባው እሁድ ነው! ሄደን እናሰርዘዋለን። ጸሐፊው ካልሰረዘው እዚያው መዝገቡ ላይ ነው የምተኛበት» አልኳቸው። አባቴ ግን እየሰሙኝ አልነበረም። የጓደኛቸውን ስም ከፍተው ነበር።

ያልወረዱ ሦስት የድምፅ መልእክቶች ነበሩ። ወረዱ። አባቴ የመጀመሪያውን በአውራ ጣታቸው ነኩት።

«አካም ጂርታ፣ ወንድሜ! በዓሉ እንዴት አለፈ? እዚህ ዝናቡ ጀምሯል። ሁሩታ እኮ ሩቅ አይደለም፤ አንድ ቀን ና እንጂ።»

ሁለተኛው፦ «ጠፋህ። ምነው? የድሮዎቹን ነው ደጋግሜ የምሰማው፤ ልጄ ሰለቻት።»

በሦስተኛው ድምፃቸው ደክሟል፤ በየቃሉ መሐል ይተነፍሳሉ። «ስንለያይ በቀልድ የተናገርኩት አስቀይሞህ ከሆነ ይቅር በለኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ አፌን አልጠብቅም። ብቻ አንድ ቃል ላክልኝ። ተቀይሜሃለሁም ብትለኝ፣ ድምፅህን ልስማ።»

ከእነዚያ በታች አባቴ ራሳቸው የቀዱት አንድ መልእክት ነበር። ያኔ ሳይሄድ የቀረ ነው፤ የተላከ መስሏቸው ኖረዋል። አሁን፣ ዓይናችን እያየ፣ ተላከ።

በዓሉ እንዴት አለፈ፣ ነው ያሉት። ፋሲካ። ቡፌው ቤት የገባው በዋዜማው ነው። ባልደረባዬ የነገረችኝ ያን ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። የቡፌው መስታወት ጀርባውን የሰጠው ለጓሮው ነው፤ ለሎሚዋና ለአባቴ። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ሥር ሲቆሙ የሚደርሳቸው የፊደል ፍርፋሪ ብቻ ነበር። ድምፅ አይወርድላቸውም፣ ድምፅ አይሄድላቸውም። ነግረውኝ ነበር። «ደጋግመው ይንኩት» አልኳቸው። በእድሩ ጸሐፊ ላይ ጮህኩ፣ ባለ ሱቁን ረገምኩ፣ በባለቤቴ ላይ ፊቴን አጠቆርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። በእርግጥ ጸሐፊውም ባለ ሱቁም ጥፋት አለባቸው፤ አልምራቸውም። ያንን ሰው «ተቀይሞኛል» ብሎ እንዲሞት ያደረገው ግን የእኔ ቡፌ ነው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። «መስኮቱ ላይ የነበረውን ቡፌ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የዘጋሁብዎ እኔ ነኝ።»

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። «አንቺ ምን አደረግሽ? ቤትሽን አሳመርሽ» አሉ።

እሁድ ጠዋት ራውተሩን ከቡፌው አውጥቼ መስኮቱ ላይ መለስኩት። ዳንቴሉን አልመለስኩበትም። ከዚያ ነጠላዬን አድርጌ አባቴ በር ላይ ቆምኩ። የስብሰባው ሰዓት ደርሶ ነበር። «ይነሡ እንጂ አባባ፣ እንሂድ። ያቺን ቃል ያስሰርዟት» አልኳቸው።

ጫማቸውን አላደረጉም። ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው፣ ጓደኛቸው ያደርጉ እንደነበረው፣ ሦስተኛውን መልእክት እየሰሙ ነበር። እስኪያልቅ ጠበቅኋቸው።

«ተይው ልጄ» አሉኝ። «ልክ ነው የጻፈው። ቀርቻለሁ።»